ዲቱር (1945) ያያችሁ፦ እውነት ይሄን ያህል የሚወደስ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ሌሊት ተረኛ፦

ሰላም ቤተሰብ። እኔ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሌሊት ነው የምሰራው፣ ከ7 ሰዓት በኋላ የሚገባ እንግዳ ስለሌለ ስልኬን መዝገቡ ላይ አስደግፌ ፊልም አያለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ እነዚህ ፊልም ኑዋር የሚሏቸው የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ላይ ተጥጃለሁ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ፣ ሲጋራ፣ ዝናብ፣ አንዲት መዘዘኛ ሴት ምናምን። ትናንት ተራው የዲቱር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ፣ ኤድጋር ኡልመር የሚባል ሰውዬ ዳይሬክት ያደረገው፣ 68 ደቂቃ ብቻ። ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፣ ጨርሼ ነው የማወራው።

አል የሚባል ኒውዮርክ ውስጥ ናይት ክለብ ፒያኖ የሚመታ ልጅ አለ፣ ፍቅረኛው ሱ ዘፋኝ ነች፣ ሆሊውድ ዕድሌን ልሞክር ብላ ትሄዳለች። እሱም ናፍቆት ሲያንገበግበው፣ ኪሱ ባዶ ስለሆነ፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሊፍት ሊያቋርጥ ይነሳል። አሪዞና ላይ ሃስኬል የሚባል መኪናው ያማረ ሰው ይጭነዋል፣ ይጋብዘዋል። ሌሊት አል እየነዳ ዝናብ ይመጣል፣ የመኪናውን ሸራ ልዝጋ ብሎ ያቆማል፣ ሰውዬውን ቢቀሰቅሰው አይነቃም፣ በሩን ሲከፍተው ዱብ ብሎ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ያርፋል። አለቀ። አል ፖሊስ አያምነኝም ብሎ ሬሳውን ደብቆ የሟቹን ልብስ፣ ብር፣ መኪና፣ ስም ሳይቀር ይዞ ይነካዋል። በማግስቱ ደግሞ ከስንት ሰው መሀል ቬራ የምትባል ሴት መንገድ ላይ ያነሳል፣ ለካ እሷ ከሃስኬል ጋር ቀደም ብላ ተሳፍራ ነበር መኪናውን ታውቀዋለች። ከዛ በኋላ ልጁ የእሷ ባሪያ ነው በሉት። መጨረሻ ላይ ሰክራ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ትገባና ትቆልፋለች፣ እሱ ፖሊስ እንዳትጠራ ብሎ ገመዱን ከውጭ ይጎትታል፣ ገመዱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ኖሯል። እሷም "በስህተት" ሞተች ማለት ነው።

አሁን ጥያቄዬ። መኪናው ሲሄድ ከጀርባ ያለው መንገድ ስክሪን ላይ የሚጫወት ፊልም እንደሆነ ህጻን ልጅ ያውቃል። ኒውዮርክ ተብሎ የሚታየው ጭጋግና አንድ የመንገድ መብራት ነው። ጭራሽ አንዳንድ ቦታ ሹፌሩ በቀኝ በኩል ነው የተቀመጠው፣ እንደ ናይሮቢ! እኔማ ቪዲዮውን የጫነው ሰው ኮፒራይት ለመሸወድ ገልብጦት ነው ብዬ ሌላ ቻናል ላይ ሄጄ አየሁ፣ እዛም ያው ነው። እና ይሄ ፊልም እንዴት ሆኖ ነው ምርጥ የሚባለው? በቅንነት ነው የምጠይቀው።

ደበረኝ ባይ፦

ጥያቄህን ራስህ መልሰኸዋል ወንድም። ርካሽ ፊልም ነው፣ ሰው የድሮ ስለሆነ ብቻ ያከብረዋል። ልጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያላዝን ነው የሚውለው፣ ፊቱ ራሱ ጥርሱን የሚያመው ሰው ይመስላል። እኔ 40ኛው ደቂቃ ላይ ዘጋሁት።

ኤዲተሩ፦

@ደበረኝ ባይ 40ኛው ደቂቃ ላይ ከዘጋህማ ዋናውን ነገር አላየህም በናትህ።

@ሌሊት ተረኛ ያየኸው ሁሉ ትክክል ነው አንድም አልተሳሳትክም ግን እያንዳንዱ ምክንያት አለው። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ኤዲቲንግ ነው የምሰራው፣ ይሄን ፊልም የምወደው እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው፣ ሰውዬው በየት በየት እንዳመለጠ ስለሚገባኝ።

ከመሪው ልጀምር። ልጁ ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ነው የሚሄደው፣ ካርታ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይም ሁሌ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ ተመልካች ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። አንዳንድ የሊፍት ሾቶች በተቃራኒው አቅጣጫ ተቀርጸው ስለነበር ኔጋቲቩን ገለበጡት፣ ሲገለበጥ መሪውም አብሮ ተገለበጠ፣ ሰዎቹም በማይገባው በር ይገባሉ። እንደገና ለመቅረጽ ብር የለም፣ እንደዛው ለቀቁት። አንተ ዩቲዩበሩን ጠረጠርክ ገልባጩ ግን ራሱ ስቱዲዮው ነው ሃሃሃ። ደግሞ ፊልሙ ኮፒራይቱ ያለቀ የህዝብ ንብረት ነው፣ ማንም ቢጭነው የሚጠይቀው የለም፣ ለዛ ነው ያለቀ የደቀቀ ኮፒ በየቦታው የሞላው።

ጭጋጉም ያው ነው። የኒውዮርክ ጎዳና ሰርቶ ለማቆም አቅም አልነበረም፣ እንፋሎት ለቀቁና ሁለት ሰው እያወሩ እንዲሄዱ አደረጉ፣ አለቀ፣ ከተማው በጭጋጉ ውስጥ አለ ብለህ አንተ ትሞላዋለህ። ስቱዲዮው ፒአርሲ ይባላል፣ ሆሊውድ ውስጥ "የድህነት ሰፈር" ከሚሏቸው ትናንሽ ስቱዲዮዎች አንዱ ነው፣ ስራቸው ለሁለተኛ ፊልም የሚሆን ርካሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ማውጣት ነው፣ ያኔ ሲኒማ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያሳይ ስለነበር። ኡልመር ፊልሙን በ6 ቀን ነው የቀረጽኩት ይል ነበር፣ በ20 ሺህ ዶላር ተሰራ የሚል ወሬም ለዓመታት ሲዞር ኖሯል፣ በኋላ ሰነዱ ሲገላበጥ ግን ወጪው ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ የቀረጻው ቀንም ከ6 በላይ። ቢሆንም ለሆሊውድ የቡና ሂሳብ ናት።

ሰውዬው ደግሞ ተራ ሰው እንዳይመስልህ። ኦስትሪያ ያደገ፣ ከአውሮፓ ሲኒማ የመጣ ነው፣ 1934 ላይ በትልቅ ስቱዲዮ ዘ ብላክ ካት የሚባል አስፈሪ ፊልም ሰርቶ ገበያው ደርቶለት ነበር። ከዛ ምን አደረገ? የስቱዲዮው አለቃ ዘመድ የሆነ ሰው ሚስት ላይ ፍቅር ያዘው። እሷም ባሏን ትታ እሱን አገባች፣ የትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በር ግን ተዘጋበት። ከዛ በኋላ በአነስተኛ በጀት ሲባዝን ኖረ። እስከ መጨረሻው አብረው ኖረዋል ግን፣ እሷም ስክሪፕት ላይ ትሰራ ነበር።

እኔን የነካኝ ምን መሰላችሁ። እኛም ጋ ዲጂታል ካሜራ እንደመጣ ሰሞን የአማርኛ ፊልም በአንድ ቪላ ሳሎን አይደል ያለቀው? አንድ ፊልም ላይ ስሰራ ያው ሶፋ በመጋረጃ ቅያሪ ብቻ የሀብታም ቤት፣ የዶክተር ቢሮ፣ የሟች እናት ቤት ሆኗል፣ ፕሮዲዩሰሩ ሆስፒታል ለመከራየት ብር የለም ሲለን ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ሰቅለን ጉሉኮስ አንጠለጠልን። ልዩነቱ እኛ እንዳይታወቅብን ነበር የምንለፋው፣ ኡልመር ግን ያንን ባዶነት የልጁ ጭንቅላት አስመሰለው። ታሪኩን ሁሉ እኮ የሚነግረን ልጁ ነው፣ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ቡና ይዞ ተቀምጦ፣ ፊቱ ጨልሞ ዓይኑ ላይ ብቻ መብራት እየወረደ። ሰው ሲያስታውስ ደግሞ ጎዳናውን በሙሉ አያስታውስም፣ ጭጋጉንና መብራቱን ነው።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ኤዲተሩ እጅህ ይባረክ፣ ግን የመጨረሻዋን ነገር ነካ አድርገህ አለፍካት እኮ! ታሪኩን የሚነግረን ልጁ ነው ካልክ ለምንድነው የምናምነው?

እኔ እዚህ ሜሪላንድ በአስተርጓሚነት ነው የምሰራው፣ ፍርድ ቤትም እገባለሁ፣ የማንንም ጉዳይ አላወራም ግን በዓመታት ውስጥ ጆሮዬ አንድ ነገር ለምዷል። እውነት የሚናገር ሰው ይደነቃቀፋል፣ "አይ ቆይ እሱ በኋላ ነው" ይላል፣ ራሱን የሚያሳጣ ነገር ሳያውቀው ያወጣል። የተለማመደው ሰው ግን ገና ሳትጠይቂው መልስ አለው። አልን ስሙት እስቲ። ሃስኬል እንደሞተ ወዲያው "አታምኑኝም አውቃለሁ" ይለናል፣ ማን ጠየቀው? ሃስኬል በራሱ ወደቀ። ብሩን የወሰድኩት ተገድጄ ነው። ልብሱን የቀየርኩት ፖሊስ እንዳይጠረጥረኝ ነው። ቬራን ገመዱን ጎተትኩ እንጂ ሳላያት ነው። ሁለት ሰው ሲሞት አንድም ምስክር የለም፣ ሁለቴም እጁ እዛው ቦታ ላይ ነው፣ በሩ ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ሁለቴም ጥፋቱ የዕድል። እኔ ይሄን ልጅ ብተረጉምለት ኖሮ እየተረጎምኩ በሆዴ "ወይ አንተ!" ነበር የምለው።

ደግሞ ፍቅረኛውን ይወዳታል ይባላል፣ ልትሄድ ነው ስትለው ግን ያኮርፋል። ክለብ ውስጥ አንድ ሰው 10 ዶላር ጉርሻ ሲሰጠው እንኳን ደስ አይለውም፣ በጀርም የተሞላ ወረቀት ነው ይላል። ይሄ ልጅ ሃስኬል ሳይሞትም በፊት ዓለም እንደበደለችው እርግጠኛ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን "ምስኪኑ አል" ብሎ ያየ ሰው ይደብረዋል አይፈረድበትም፣ "ውሸታሙ አል" ብላችሁ እንደገና እዩትና ንገሩኝ። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኤበርትም ታላላቅ ፊልሞች በሚለው ጽሁፉ ውስጥ አንስቶታል፣ ጉድለቱን ሁሉ ዘርዝሮ ግን እንደማይረሳው ነው የጻፈው።

ደበረኝ ባይ፦

ማሂ ይሄማ ተመልካቹ የፈጠረው ነው ዳይሬክተሩ አላሰበውም። ደካማ ስክሪፕት ሲያጋጥማችሁ "ተራኪው እየዋሸ ነው" ማለት ቀላል ነው።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሊሆን ይችላል። ግን መጽሐፉን የጻፈው ማርቲን ጎልድስሚዝ ስክሪፕቱንም ራሱ ነው የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሱ የራሷ ምዕራፎች አሏት፣ በእሷ ዓይን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ፊልሙ የእሷን ቆርጦ የእሱን ብቻ አስቀረ። ለብር ብለው ይቁረጡት ለሌላ፣ የቀረልን አንድ ተከሳሽ ብቻ ነው፣ ምስክሮቹ ተባረዋል።

የአሰብ መንገድ፦

ልጆች በጨዋታችሁ ጣልቃ ልግባ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ይሄን ፊልም ያየሁትም ልጄ ጭኖልኝ ገና ባለፈው ዓመት ነው፣ ማሂ ልጄ አንቺ ያልሽው ብልህ ነገር ነው ግን በዚህ ልጅ ላይ ጨክነሽበታል።

በወጣትነቴ አሰብ ሥራ አለ ተብሎ በኤንትሬ ላይ ተጭኜ ወርጄ ነበር። ያኔ አውቶቡስ መሳፈሪያ የሌለው ሰው ከባድ መኪና ይለምናል፣ ሾፌሩ ደስ ካለው ጋቢና ያስገባሃል፣ ካልሆነ ዕቃው ላይ ነህ። እኔን ጋቢና ያስገባኝ ሰው ጥሩ ሰው ነበር፣ እንደዚያ ሃስኬል ምግብም ጋብዞኛል። አዋሽን ካለፍን በኋላ ወባ ይሁን ሙቀት ላብ በላብ ሆነና መኪናውን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። ብጠራው ዝም። ሌሊት ነው፣ በረሃ ነው፣ ማንም የለም። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሀሳብ "ይህ ሰው ሊሞት ነው" አልነበረም። "ይህ ሰው ቢሞት እኔን ማን ያምነኛል" ነው። መታወቂያዬ የሌላ ክፍለ ሀገር፣ ኪሴ ባዶ፣ የሱ ኪስ ደግሞ የጭነት ሂሳብ አለበት። ከመኪናው ወርጄ እየሮጥኩ ለመጥፋት አንድ እግሬን አውርጄ ነበር።

ከዚያ አቃሰተ። ውኃ ሰጠሁት፣ ሲነጋ ሌላ መኪና ደረሰልን።

ስለዚህ አል "አያምኑኝም" ሲል ውሸት አልመሰለኝም። ድሃ ሰው በሰው መኪና ውስጥ ሲሆን ጥፋት ሳይሰራም ጥፋተኛ ነው። እኛ አገር የአርባ ቀን ዕድሌ ነው ይባላል፣ እሱም በእንግሊዝኛ ያንኑ ነው የሚለው።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ እንዴት ያለ ነገር ነው የነገሩን፣ እያነበብኩ ትንፋሼ ቆመ። እግዚአብሔር እንኳን አተረፈዎት፣ ሾፌሩንም።

ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎት፣ ብሩን ወሰዱት?

የአሰብ መንገድ፦

አልወሰድኩም። ሲጋራውን ግን ወስጃለሁ፣ ሁለት ፍሬ። እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይኸው ጋሼ! ማንም ሳይጠይቅዎት ሲጋራዋን ተናዘዙ። አል እኮ 68 ደቂቃ ሙሉ አንዲት ሲጋራ አላመነም።

ኤዲተሩ፦

ይሄ ውይይት ከፊልሙ በለጠ 😂 ጋሼ የርስዎን ታሪክ ፊልም እናድርገው፣ በጀቱ አንድ ኤንትሬና ጭጋግ ነው።

የአሰብ መንገድ፦

አዋሽ ላይ ጭጋግ የለም ልጄ፣ አቧራ አዘጋጅ።

ይልቅ ስለ ሴትዮዋ ማንም አላነሳም። አን ሳቬጅ ትባላለች፣ በወቅቱ ዕድሜዋ ገና 24 ነው። እኔ በዘመኔ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያየኋቸው የፈረንጅ ተዋናዮች ሲቆጡም ያምራሉ፣ ይህቺ ግን ስትቆጣ ጅብ ነው የምትመስለው። ፀጉሯ ቅባት የጠጣ፣ ሳል የያዛት። መኪናው ውስጥ ተኝታ ቆይታ ድንገት ዓይኗን ገልጣ ሬሳውን የት ነው የጣልከው ብላ ስትዞርበት እኔ በሶፋዬ ላይ ወደ ኋላ አልኩ።

ኤዲተሩ፦

ልክ ነዎት፣ ፊልሙን የተሸከመችው እሷ ነች። ከዛ በኋላ ይሄን ያህል ሚና አላገኘችም፣ ግን ዕድሜ ሰጥቷት ፊልሙ ሲከበር አይታለች፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ሲገባ በህይወት ነበረች፣ ያረፈችው 2008 ነው። ስለ ወንዱ ግን ተዉኝ። ቶም ኒል የሚባለው ተዋናይ 1951 ላይ በአንዲት ተዋናይት ምክንያት ሌላ ተዋናይ ደብድቦ ሆስፒታል አስገባ፣ የፊልም ስራው በዛው አለቀ፣ 1965 ላይ ደግሞ ሚስቱ በጥይት ሞተች፣ ሽጉጡ ላይ ስንታገል በስህተት ነው የፈነዳው ብሎ ተከራከረ፣ ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ግድያ ተብሎ ተፈርዶበት 6 ዓመት ገደማ ታሰረ።

ማሂ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

በስህተት??? ቆይ እኔ ውሃ ልጠጣ።

ደበረኝ ባይ፦

እሺ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ከ40ኛው ደቂቃ ልቀጥል ነው። አመሰግናለሁ አልልም ግን።

ሌሊት ተረኛ፦

ተመልሻለሁ። ዛሬም ተረኛ ነኝ፣ በመሀል አንድ እንግዳ ሻወሩ ቀዘቀዘ ብሎ ሦስት ጊዜ ደውሎ አቋረጠኝ እንጂ ሙሉውን እንደገና አየሁት፣ ኤዲተሩ በውስጥ መስመር በላከልኝ ሊንክ፣ 2018 ላይ ታድሶ የወጣው ጥራት ያለው ኮፒ። ያኛውማ ፊልም አልነበረም ወተት ውስጥ የወደቀ ነገር ነው። ጭጋጉ ራሱ ጭጋግ ሆኖ ታየኝ።

ሁለተኛው ጊዜ ማሂ ያለችውን ይዤ ነበር የማየው፣ እና ቬራ ከሞተች በኋላ ያለው ቦታ ላይ ቆምኩ። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ይዞራል፣ አንዱ ዕቃ ላይ ይደበዝዛል እንደገና ይጠራል፣ ሌላው ላይ ሄዶ ያው።  ልጁ እዛም ጋ አፉን አይዘጋም፣ ዓይኑ ግን ዕቃ ይቆጥራል፣ የነካቸውን። እኔ እንደመሰለኝ ውሸት የሌለባት ቦታ እሷ ብቻ ነች። በሩን ሰብሮ ሲገባ ምን እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ እዚህ ላይ ከማሂም ከጋሼም ጋር አልወሰንኩም።

መጨረሻው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። መንገድ ላይ ሲሄድ የፖሊስ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፣ እንደ ህልም ነው የሚመስለው።

ኤዲተሩ፦

እሱ የሳንሱር ጣጣ ነው። ያኔ ሆሊውድ ራሱ ያወጣው የምግባር ደንብ ነበረ፣ ገዳይ ሳይቀጣ ፊልም ማለቅ አይችልም። ስለዚህ ፖሊስ መምጣት አለበት። ግን ልብ ብለህ ስማው ልጁ "ያዙኝ" አይልም፣ አንድ ቀን አንድ መኪና ይቆማል ነው የሚለው፣ ያላዘዝኩት ሊፍት ዓይነት ነገር። ለደንቡ ተያዘ፣ ለሚያዳምጥ ደግሞ ገና እየጠበቀ ነው።

ሌሊት ተረኛ፦

አሃ! ስለዚህ መኪናው አልመጣም ማለት ነው ገና። እሺ ይቺን ወደድኳት።

ለነገ ሌሊት ሌላ ጠቁሙኝ፣ አጭር ይሁን፣ ሻወር የሚቀዘቅዝበት ሰውዬ ገና ሁለት ቀን አለው።

ኤዲተሩ፦

ዘ ሂች ሃይከር፣ 1953። አይዳ ሉፒኖ የምትባል ተዋናይት ነች ዳይሬክት ያደረገችው፣ በዛ ዘመን ሴት ዳይሬክተር ስንት ነበረች ብለህ፣ 71 ደቂቃ ነው፣ ይሄም በአነስተኛ በጀት። ሁለት ጓደኛሞች ዓሣ ሊያጠምዱ እየሄዱ መንገድ ላይ አንድ ሰው ሊፍት ይሰጣሉ።

ሌሊት ተረኛ፦

አሁንም ሊፍት እየሰጡ ነው እነዚህ ሰዎች?

የአሰብ መንገድ፦

ዓሣ አጥማጅ ደግ ነው፣ ምን ያድርግ።